ሽቦውን ማን አሰረው?

«ማነው ይህን ስም የጻፈው?» አለች የውብዳር።

ወደ ትንሿ ክፍል የገባችው ወንበር ልትወስድ ነበር። ሳሎኑ ሞልቶ፣ ኮሪደሩ ሞልቶ፣ ከሌክ ሲቲ ሰፈር የመጡ ለቀስተኞች ጫማ ማውለቂያው ላይ ቆመዋል። ወንበሩ ላይ ግን የባሏ ታላቅ ወንድም ዘመድኩን ተቀምጦበታል። ከፊቱ የባሏ የሕዝቅኤል ኮምፒውተር በርቷል። ከስክሪኑ ግርጌ ደግሞ ትናንት አፈር ያለበሰችው ባሏ ስሙ ተጽፎ፣ ከጎኑ አረንጓዴ ነጥብ ቦግ ብላለች። ነጥቧ «አለሁ» ማለቷ ነው።

ዘመድኩን መነጽሩን አወለቀ። ጥፋት ሲገኝበት መነጽር ማውለቅ ልማዱ ነው፤ እኔ ካላየሁ እነሱም አያዩኝም የሚል ይመስል።

«በሩን ዝጊው፣ የውብዬ» አለ።

አልዘጋችውም።

ሕዝቅኤል ቀን ቀን ሬድመንድ ከተማ ሶፍትዌር ሲፈትሽ የሚውል ሰው ይሁን እንጂ፣ ነፍሱ ያለችው ሾርላይን፣ ቤቱ ጓሮ ውስጥ፣ ከጣሪያው ጥግ እስከ ትልቁ ዛፍ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ነበር። ሽቦው ከሰማይ የለቀመውን የሬዲዮ ሞገድ አንዲት ሳጥን ትቀበልና በኢንተርኔት ትለቀዋለች። ጃፓን ያለውም ብራዚል ያለውም የሬዲዮ አፍቃሪ ገጹን ከፍቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ የፈለገውን ጣቢያ እየቀያየረ በነጻ ያዳምጣል። የገባው ሰው ሁሉ ስሙ ከታች ይደረደራል፤ ከጎኑም አጭር መልእክት የሚጽፉባት ቦታ አለች። የውብዳር ደስ ሲላት «የባሌ እንግዶች»፣ ሲከፋት «የማላውቃቸው ተቀላቢዎች» ትላቸው ነበር።

ከተቀላቢዎቹ ሁሉ አንድም ቀን የማይቀሩት የገዛ አባቱ ናቸው። አባባ ገብረሕይወት ዕድሜያቸውን ቴሌ ሠርተው ደሴ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ደሴ ሲመሽ፣ ሾርላይን ሲነጋ፣ ልጃቸው በላከላቸው ታብሌት ይገባሉ። አባትና ልጅ ስልክ አይሆንላቸውም፤ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ተባብለው ሁለቱም ያፍራሉ። እዚህ ግን አላስካ ያለ አንድ አዛውንት ለዓሣ አጥማጆች የአየሩን ጠባይ የሚናገርበትን ጣቢያ ከፍተው፣ ስማቸው ጎን ለጎን ተጽፎ፣ አብረው ዝም ይላሉ። አባባ ለጎረቤቶቻቸው «በልጄ ጆሮ ነው የምሰማው» ይሏቸዋል አሉ።

ዘመድኩን ነገሩን ሊያስረዳት ሞከረ። አባባ አልተረዱም። ልባቸው ደካማ ነው። እህታቸው ወርቅዬ ከአዳማ ደርሳ፣ ቅዳሜ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን እስኪነግራቸው ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባብለዋል። ሳጥኗ ከጠፋች ወዲያው ይጠረጥራሉ፤ ስሙ ካልታየም እንደዚያው። ሶ፣ በየጠዋቱ እየገባ በወንድሙ ስም «ደህና ነኝ አባባ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላቸዋል። ኦኬ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል። እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው።

«የሞተ ሰው ሥራ በዝቶበት!» አለች የውብዳር። «ምን ሠራ ዛሬ? ንገረኛ፣ ጋሼ። ስብሰባ ነበረው?»

«አባቴን በቴክስት ልግደላቸው?»

«እሳቸውስ…» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። የቀረውን ሁለቱም ያውቁታል። ዘመድኩን መነጽሩን እንዳወለቀ ቀረ፤ እሷም ወንበሩን ሳትወስድ ወጣች።

ያፈነችው ነገር ይህ ነበር።

የመከር ወራት ንፋስ የሾርላይንን ዛፎች ሲያንገላታ ባደረ ማግስት፣ አባባ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ልጄ፣ ዛሬ ምንም አይሰማኝም። ንፋሱ ሽቦህን አውርዶት ይሆናል። ስትችል እየው።» ስትችል ነው ያሉት። ሕዝቅኤል ግን አባቱ «ስትችል» ሲሉ «አሁኑኑ» ብሎ የሚሰማ ልጅ ነው። እሑድ ነበር፤ ዝናብ ይዘንባል። የውብዳር ቢያንስ እስኪያባራ ቆይ አለችው። «አባባ እየጠበቁ ነው» አላት፣ መሰላሉን እየጎተተ። አባባ፣ አባባ፣ ሁልጊዜ አባባ! እሷም ተናዳ ወደ ቤት ገባች።

ሽቦውን አሰረው። አስሮ ጨርሶ ሲወርድ ነው እግሩ የከዳው።

የአምቡላንሱ ሰዎች ጓሮ ሳሉ ኮቷን ልትወስድ በትንሿ ክፍል በኩል ሮጠች፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ከደሴ አዲስ መልእክት ገብቷል፦ «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። አሁን ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የውብዳር ደረት ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል። «መሰላሉ ላይ ያወጡት እርስዎ ነዎት።» ሰው «ያጽናሽ» ሲላት «አሜን» የምትለው ከላይ ከላይ ነው፤ ከሥር ይህ ይፈላል። ፊቷን ስትታጠብ ትለዋለች። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱ ሲደረስ ትለው ነበር። ቅዳሜ መርዶ ነጋሪዎቹ ልብ ነው፣ ድንገት ነው፣ የእግዜር ጥሪ ነው ብለው ሊሸፋፍኑላቸው መሆኑን ስታስብማ ጥርሷ ይንገጫገጫል። እሷ ስትቃጠል እሳቸው የተሸፋፈነ ሐዘን ሊታዘኑ? አይደረግም። አንድ ቀን ራሷ ትነግራቸዋለች፤ ያውም ቃል በቃል።

የለቅሶውን ቤት የያዙት ጎረቤቷ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ቤቷን ተቀብለው እሷን በራሷ ፍራሽ ላይ እንግዳ አድርገዋታል። ከዕድሩ ትልቁን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቡና ማፍያ አስመጡ፤ በርሜል ያህላል። ወንዶቹ ጋራዥ ውስጥ እንዳይበርዳቸው ማሞቂያ ደረደሩ፤ ከጣሪያው ጥግ እስከ ጥግ የገና የሚመስል መብራት ዘረጉ። በየግድግዳው የለቀስተኛ ስልክ ቻርጅ ላይ ተንጠልጥሏል። ቤቱ ሕዝቅኤል ቢያየው በዚያው ዳግመኛ በሚሞትበት ሁኔታ ላይ ነበር።

ሰውየው የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠላት ነበርና። አምፖሉ፣ ቻርጀሩ፣ ማሞቂያው፣ ሁሉም ለእኛ ጆሮ ዝም ያለ መስሎ ለሽቦው ይጮህበታል። ስለዚህ በየጠዋቱ አባቱ ከመግባታቸው በፊት ቤቱን እየዞረ ሶኬት ይነቅል ነበር። ፀጉሯን በማድረቂያ ግማሹን አድርቃ ግማሹን ርጥብ ይዛ ሥራ የሄደችበት ቀን ሞልቷል።

«እኔ ቤት ሳይቀር መጣ እኮ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ ለሴቶቹ ስኒ እያቀበሉ። «በሩን ብከፍት አምፖል በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ቆሟል። ምነው ልጄ ስለው፣ እትዬ፣ የጋራዥዎ አምፖል ይጮሃል አለኝ። አምፖል ሲጮህ የሚሰማው ሰው ጠበል ነው የሚያስፈልገው አልኩት። እሺ እትዬ፣ ግን መጀመሪያ አምፖሉን ልቀይርልዎት አይለኝም!»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። የውብዳርም ሳቀች። ሳቋ ከአፏ እንደወጣ ግን ቁጣዋ ተመልሶ መጣባት፤ ለአምፖል ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው እንዴት ለራሱ እግር አይጠነቀቅም? ተነስታ ወደ ትንሿ ክፍል ሄደች። ዛሬ ያቺን አረንጓዴ ነጥብ በእጇ ታጠፋታለች።

ዘመድኩን እዚያው ነበር፤ እጆቹ ከመጻፊያው በላይ አየር ላይ ቀርተዋል። ቀና ብሎም አላያትም። ስክሪኑ ላይ ሞገዱ እንደ መጋረጃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሕዝቅኤል ሲቀመጥበት ሰማያዊ የነበረው መጋረጃ ዛሬ ዳር እስከ ዳር ብጫ ነው። ድምፅ ማጉያውም ሽሽሽ ከማለት በቀር አንድ ቃል አይለይበትም። ከታች የአባባ ስም አለ። መልእክታቸውን እንደ ልማዳቸው ነጥብ ሳይረሱ ጽፈውታል፦

«ዛሬም ደህና ነኝ ትለኛለህ። ልጄ የቤቱን ጩኸት ሳያጠፋ አንድም ቀን ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ይህ ሰው የሞላበት ቤት ጩኸት ነው። አንተ ማነህ?»

«ምን ልበላቸው?» አለ ዘመድኩን። ያ ሁሉን አዛዥ፣ ሁሉን አደራጅ ሰውዬ ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ተነስ» አለችው።

ተነሳ። እሷም ተቀመጠች። መጀመሪያ የባሏን ስም አጠፋች፤ አንዱን ፊደል፣ ቀጥሎ አንዱን፣ ቀጥሎ አንዱን። አረንጓዴዋ ነጥብ ጠፋች። በቦታው የራሷን ስም ጻፈች፤ ነጥቧም እንደገና በራች።  ደሴ ያሉት አባባ መርዶውን ከዚያች ስም አንብበዋል።

መጋረጃው ወረደ፣ ወረደ።

«የውብዬ» ብለው ጻፉ አባባ።

«አቤት አባባ።»

 ከዚያ የመጣው ጥያቄ አንድ ቃል ነበር።

«መሰላሉ?»

እነሆ። ስንት ቀን ያነገበችው ዓረፍተ ነገር ተሰልፎ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ቆመ። ለመናገር ምክንያት መፈለግ የለባትም፤ ራሳቸው ጠየቁ። እውነቱም የእሷ ነው፤ ለፍታበታለች። ፊደሎቹን ተመለከተቻቸው። አንድ ሽማግሌ ደሴ ላይ፣ ብቻውን፣ በምሽት፣ ታብሌት በሁለት እጁ ይዞ ታያት። በጣም ተናደደች። እንዲህ ሆነው ባይታዩዋት ይቀላት ነበር።

«አይደለም አባባ» ብላ ጻፈች። «ተኝቶ ነው። በተኛበት ቀረ።»

አባባ ሌላ ጥያቄ ጻፉ።

«ሽቦውን ማን አሰረው?»

«እሱ ነው። አስሮ ወረደ። ገብቶ ሻይ ጠጣ። አባባ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል አሉኝ ብሎ ደስ ብሎት ነው የተኛው።»

ያን ያህል የሰው ውሸት ስታወግዝ ሰንብታ፣ የገዛ ውሸቷ እንዲህ ተሰካክቶ፣ ሻይ ሳይቀር ተቀድቶለት ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። ዞር ብላ ዘመድኩንን ገላመጠችው።

«የቅዳሜዎቹን ሰዎች ኮል አድርግ። አሁኑኑ ደሴ ቤታቸው ይግቡ፤ አባባ ብቻቸውን ናቸው። ተኝቶ ነው ይበሉ። ሌላ ነገር ያወራ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ። አንተም ጭምር።»

«እሺ» አለ ዘመድኩን። መነጽሩን አደረገ።

 የአባባ ስም ግን ከገጹ አልወጣም፤ ያንን ሽሽሽ የሚል ጩኸት እያዳመጡ ተቀምጠዋል። የሚሰሙት የልጃቸውን ለቅሶ ቤት ነው።

የውብዳር ተነሳች። ጋራዥ ገብታ ማሞቂያዎቹን ነቀለች። መብራቱን ነቀለች። ወንዶቹ ጨዋታቸው ተቋርጦ ተያዩ፤ አንዱ መብራት ሄደ እንዴ አለ። ሳሎን ገባች፤ ቻርጀሮቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው እያወጣች በየባለቤቱ እጅ አስጨበጠች፣ ፊቷን አይቶ ለምን ያላት የለም። ፍሪጁን ነቀለች። የቀረው የዕድሩ ማፍያ ነው፤ እትዬ ጥሩነሽ ክዳኑ ላይ እጃቸውን አደረጉ።

«ልጄ፣ ሰው አልጠጣም፤ ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ» አለች።

እትዬ ጥሩነሽ አንድ ጊዜ ወደ ትንሿ ክፍል፣ አንድ ጊዜ ወደ እሷ አዩና እጃቸውን አነሱ። ሶኬቱን ነቀለችው።

ቤቱ ጭጭ አለ። ከትንሿ ክፍል የአላስካው አዛውንት ድምፅ ቁልጭ ብሎ መጣ፤ ንፋስ ከሰሜን፣ ማዕበሉ ዝቅተኛ፣ ጀልባችሁን ልታወጡ ትችላላችሁ ይላል። ለቀስተኛው ሁሉ ስኒውን እንደያዘ አዳመጠ። የውብዳር የማፍያውን ገመድ እጇ ላይ ጠቅልላ ግድግዳው ሥር ቆመች፤ አዛውንቱ ተናግሮ እስኪጨርስ፣ አባባም ከገጹ እስኪወጡ ድረስ አለቀቀችውም።