የአራሷ እግር

ዝናሽ አንድ እግሯን ከአልጋው እንዳወረደች አማቷ ወይዘሮ ዘነበች ከደጃፉ ብድግ አሉ።

«ወዴት ልትሄጂ?»

«ትንሽ ልንቀሳቀስ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ተመለሺ! የአራስ መቃብሯ አርባ ቀን ተከፍቶ ነው የሚቆይ።»

ዝናሽ እግሯን ሰብስባ ተኛች። በቀዶ ሕክምና ከወለደች ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብታት «በየቀኑ ተራመጂ» ብሏት ነበር፤ ግን በአራስ ቤት የሐኪም ትእዛዝ የሚጸናው አማት ሲስማሙበት ነው። ባሏ ደሳለኝም ባጃጁን አስነሥቶ ውልቅ ይላል እንጂ የእናቱን ቃል ደፍሮ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ የደሳለኝ እህት ዮርዳኖስ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። የላቦራቶሪ ተማሪ ናት። ዝናሽን ተኝታ ስታገኛት ተናደደች።

«እማዬ፣ ደሟ እኮ ሊረጋባት ነው!»

«ደም ደግሞ እንደ እርጎ ይረጋል እንዴ?»

«ይረጋል። የደም ሥርን ከውስጥ የሸፈኑት ህዋሳት በደንብ የሚሠሩት ደሙ እየገፋቸው ሲያልፍ ነው። ያኔ መርጋትን የሚከለክል ነገር ያወጣሉ። የተጎዱትን ሊተኩ የሚመጡት ግንድ ህዋሳትም እንደዚያው ናቸው፤ የሚያነቃቸው ግፊቱ ነው። ሰው ሲተኛ ደሙ ይዘገያል፤ እነሱም ሥራ ይፈታሉ። እግር ላይ የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባ ከገባ ይገድላል።»

«አንቺ መጽሐፍ አይተሻል፤ እኔ ሬሳ አይቻለሁ። እህትሽ ጌጤ በወለደች በሃያኛው ቀን ደጅ ወጣች። የጉና ተራራ ብርድ መታትና ስትመለስ እዚያ ጋ ወደቀች።» በሩን አመለከቱ።

ዮርዳኖስ ያኔ ሕፃን ነበረች። ስለ እህቷ አሟሟት ከዚህ በላይ የነገራት ሰው የለም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ከዚያ በፊት እግሯ አላበጠም?»

ወይዘሮ ዘነበች ዓይናቸውን ወደ ዝናሽ እግር መለሱ።

«ግራው አብጦ ነበር» አሉ። «በቅቤ እያሸሁ፣ አትነሺ እያልኳት…»

ዮርዳኖስ የምትለው ነበራት፤ ግን እናቷ አሳዘኗትና ተወችው። ማልቀስ የጀመረውን የዝናሽን ሕፃን አንሥታ ታቀፈች።

ወይዘሮ ዘነበች ከግድግዳው ማጭድ አወረዱና ለዝናሽ ሰጧት። አራስ ያለ ብረት ከቤት አትወጣም፤ ይህን የሚያስተዋቸው ትምህርት ገና አልመጣም። ጋቢ ደረቡላት፣ ጆሮዋን በጥጥ ደፈኑላት፣ ደግፈውም ወደ ግቢው አወጧት። ዝናሽ ቁስሏን በእጇ ይዛ እስከ አጥሩ ሄዳ ተመለሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ልትገባ ዞር አለች።

ወይዘሮ ዘነበች ክንዷን ሳይለቁ መልሰው ወደ አጥሩ አዞሯት።

«ገና ነው» አሉ።