የጋሽ ወልዱ የመጀመሪያ ቀብር

ዳይሬክተሩ ፊሊሞን በሬዲዮ ቀርቦ የተናገረው ይህን ነው። ቀረጻው አንድ ቀን ሲቀረው ሽሮ ሜዳ ወደሚገኘው የሰፈራችን አልቃሽ የእትዬ ቦሰና የሸማ ሱቅ ሄደ። «እትዬ፣ ነገ ጋሽ ወልዱ ይሞታሉ። መጥተው ያለቅሱላቸዋል?» ብሎ ጠየቃቸው። «እሺ» አሉት። እንዲያውም ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቀውታል። ስለዚህ በማግስቱ ያለቀሱት ፊልም መሆኑን እያወቁ ነው። ይህ ደግሞ ትወና ይባላል፤ የዓመቱ ምርጥ ረዳት ተዋናይት መባላቸውም ይገባቸዋል።

እትዬ ቦሰና ደግሞ ሽልማቱን ሊቀበሉ መድረክ ላይ ወጥተው የተናገሩት ይህን ነው። ከገበያ ሲመለሱ የዕድራችንን ጥሩምባ ሰሙ። ጋሽ ወልዱ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። «ማነው?» ቢሉ «ወልዱ ናቸው» ተባሉ። የተሸከሙትን ማግ እዚያው መንገድ ላይ ጥለው ገቡና አለቀሱ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ ግን የምን ትወና አውቃለሁ? እውነቴን ነው ያለቀስኩት» አሉ።

አዳራሹ ትሕትና መስሎት ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። የሽልማት ኮሚቴው ግን ተቀምጦ ቀረ። በደንቡ መሠረት ሽልማቱ የሚሰጠው ለትወና ነው። ተሸላሚዋ በገዛ አፏ አልተወንኩም ካለች፣ የሽልማቱ ሐውልት ሁለተኛ ለወጣችው መሰጠት አለበት። ሁለተኛ የወጣችው ሄርሜላ የምትባል ወጣት ተዋናይት ናት፤ ከሚዜው ጋር የምትጠፋ ሙሽራ ሆና ሠርታለች። እሷም በዚያው ሌሊት አቤቱታ አስገባች። «እኔ ያለቀስኩት በሽንኩርት ነው፤ የተላጠው ሽንኩርትም ለማስረጃ አለ» የሚል ነበር። እትዬ ቦሰና ከመድረኩ ጀርባ ደረጃውን ሲወርዱ የኮሚቴው ሰዎች ሐውልቱን ከእጃቸው ተቀበሏቸው። «ለጊዜው ነው እትዬ» አሏቸው።

የዚህ ሁሉ ጥፋት፣ ጥፋት ከተባለ፣ የዕድራችን ነው። ፊሊሞን የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ ለቀብሩ ትዕይንት ድንኳናችንን ፈቀድንለት። በዕድራችን ልማድ ግን ድንኳኑ ያለ ጥሩምባ ከዕቃ ቤት አይወጣም። ጥሩምባ ነፊያችን አቶ ብርሃኔ ፊልም ነው ቢባሉም፣ «ልማድ ልማድ ነው፤ ድንኳኑ ምን ያውቃል?» ብለው ነፉ። በፊልሙ የሚሞተውን ሸማኔ ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ደግሞ የቀረጻው ቀን ሌላ የሠርግ ፊልም ላይ እንደሚውል አስቀድሞ ታውቆ ነበር። አስከሬኑ ፊቱ ስለማይታይ ማንም ቢተኛ ለውጥ የለውም ተባለ። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ወልዱ ሲሸምኑ አድረው ስለነበር ደስ እያላቸው በገዛ አልጋቸው ላይ ተጋደሙ፤ በገዛ ጋቢያቸውም ተሸፈኑ።

ጋሽ ወልዱና እትዬ ቦሰና ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው። ሰላም ከተባባሉ ግን ዓመታት አልፈዋል። ጋሽ ወልዱ የሸመኑት አንድ ጥለት ነበር፤ አረንጓዴና ወይን ጠጅ፣ መሐሉ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት የሚሄድ። ሽሮ ሜዳን ከላይ እስከ ታች አዳርሶታል። እትዬ ቦሰና «ንድፉን እኔ ነገርኩት፤ ሰርቆኝ ለሌላ ነጋዴ ሸጠው» አሉ። ጋሽ ወልዱ «ከራሴ ነው ያወጣሁት» አሉ። ሰፈሩ እትዬ ቦሰናን አመነ፤ ምክንያቱም እሳቸው ሲናገሩ ያምራል።

ታዲያ በዚያ ቀን ካሜራው እየቀረጸ፣ እትዬ ቦሰና ደረታቸውን እየደቁ እንዲህ አሉ፦

ሸማው ተቋረጠ፣ ድሩ ተበጠሰ፣
ሽሮ ሜዳ ዛሬ ጥቁር ማቅ ለበሰ።
ሌባ ብዬህ ነበር፣ አፌ ይቆረጥና፣
ጥለቱ ያንተ ነው፣ የኔ መች ሆነና።

ጋቢው ሥር የነበሩት ሟች ይህን ሲሰሙ አንድ ጊዜ ተንቀሳቅሰዋል። ፊሊሞን ንፋስ ነው ብሎ አልቆረጠውም።

ከሽልማቱ በኋላ ፊልሙ ወደ ሲኒማ ቤት ተመለሰ። በዚህ ሳምንት ከተለጠፉት አራት ፊልሞች ሦስቱ ሠርግ ናቸው፤ ቀብሩ የኛ ብቻ ነው። ሰፈሩ በሙሉ በታክሲ እየተጫነ ሄዶ አየው። ሲመለስም ጠብ ይዞ ተመለሰ። እትዬ ቦሰና ተውነው ከሆነ፣ እስከ ዛሬ በየቤታችን ያለቀሱትስ ምንድን ነበር? ሰዎች ያለፉ ቀብሮቻቸውን እንደ ፊልም መገምገም ጀመሩ። አንዱ «የአባቴ ላይ መጀመሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ መጨረሻው ግን ይዞኝ ሄደ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ዲግሪ ስላለኝ ነው የመረጡኝ። ወደ ሱቃቸው ጎራ ብዬ እትዬ ቦሰናን ምን እንደሚሹ ጠየቅኳቸው። ነጠላ እያጠፉ ነበር።

«ጢሞ፣ እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ። ስንቱን አልቅሼ ቀበርኩ? ሰው ንፍሮውን ይዘግንና እጁን አራግፎ ይሄዳል። ያን ማታ ግን ቆመው አጨበጨቡ። ለእኔ! አንዷ ሴትዮማ እያለቀሰች ነበር የምታጨበጭበው።»

«ታዲያ እውነቴን ነው ያሉት ለምንድን ነው?»

«እውነት ስለሆነ ነዋ! እውነት ከሆነ ሐውልቱን እንደሚቀሙኝ ማን ነገረኝ?»

ነጠላውን አጥፈው ሲጨርሱ መልሰው ዘረጉት።

ጋሽ ወልዱን ደግሞ ሸማ ዕቃቸው ላይ አገኘኋቸው። እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ፣ መወርወሪያው እጃቸው ላይ። «እኔ ስለ ሽልማት አላውቅም» አሉኝ። «ለቅሶው እውነት ከሆነ ሌባ አይደለሁም። ትወና ከሆነ ግን አሁንም ሌባ ነኝ። በል እንግዲህ ልሥራበት።»

ኮሚቴው የመጨረሻ መልስ እንድታመጣ የላካት ሮሃ የምትባል ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት ሐውልቱን በጥቁር ፌስታል ይዛ መጣች። ዕድሩ ተሰበሰበ። ለስብሰባ ድንኳን ያስፈልጋል፤ ለድንኳን ጥሩምባ ያስፈልጋል፤ አቶ ብርሃኔ ነፉ።

ሰብሳቢያችን ጋሽ ዋቅቶላ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። በእነሱ ዘንድ ሙሾ አይወደድም። ስለዚህ የማንንም ለቅሶ አያደንቁምና ዳኛ እንዲሆኑ ሁሉም ተስማማ። ፊሊሞን ፕሮጀክተር አምጥቶ ትዕይንቱን እንደ ማስረጃ አሳየን። ነጭ ጨርቅ ስላልነበረ ያንኑ የጋሽ ወልዱን ጋቢ ሰቀልነው። በድንኳናችን ውስጥ ተቀምጠን ድንኳናችንን አየን፤ በጋቢው ላይ ጋቢውን አየን። ጋሽ ወልዱ ከፊት ተቀምጠው የራሳቸውን ሞት በጥሞና ተከታተሉ። ሲያልቅ ከኋላ «ነፍስ ይማር» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ወልዱም «አሜን» አሉ።

«ቦሰና» አሉ ጋሽ ዋቅቶላ፣ «ይኼ ልጅ አስቀድሞ ነግሮሻል አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል።»

ድንኳኑ ተንጫጫ። ፊሊሞን ከመቀመጫው ዘለለ።

«ታዲያ እንዴት እውነት ነው ትያለሽ?» አሉ ጋሽ ዋቅቶላ።

«ነግሮኛል፤ እሺም ብዬዋለሁ። በማግስቱ ጥሩምባው ሲነፋ ረሳሁት። ጋቢውን ሳይ ደግሞ ጭራሽ ጠፋኝ።»

«ትወና ማለት እኮ ይኼው ነው!» አለች ሮሃ።

«እንግዲያው እኔም ልጠይቅ» አሉ እትዬ ደሳለች፤ ባለቤታቸውን ባለፈው ዓመት የቀበርንላቸው ናቸው። «የእኔን ባል እንዴት ነው ያለቀስሽው?»

«ደሳለች፣ ባልሽንማ በደንብ አድርጌ ነው ያለቀስኩት።»

«በደንብ ነው ወይስ በእውነት?»

ጋሽ ዋቅቶላ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አሰቡና ፍርድ ሰጡ። ወልዱ እንደገና ይተኛ፤ ቦሰና እንደገና ታልቅስለት። አሁን በሕይወት መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች። ማልቀስ ካልቻለች ያኔም ትወና አልነበረም። ከቻለች ግን ትወና ነው። የዕድሩን አግዳሚ ወንበሮች ገጣጥመን አልጋ ሠራን። ስክሪናችንን አወረድንና ጋሽ ወልዱን ሸፈንንበት።

«አደራ እንዳትነቃነቅ» አሏቸው ጋሽ ዋቅቶላ።

«ልምድ አለኝ» አሉ ከጋቢው ሥር።

እትዬ ቦሰና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጀመሩ። «ሸማው ተቋረጠ» ሲሉ እትዬ ደሳለች ከንፈራቸውን ነከሱ። «ድሩ ተበጠሰ» ሲሉ ወንዶቹ አቀረቀሩ። ጥቁር ማቁ ላይ ስንደርስ ድንኳኑ በሙሉ ያለቅስ ነበር። ሮሃ ፌስታሉን አቅፋ ትንሰቀሰቃለች። አቶ ብርሃኔ ሳይታዘዙ ጥሩምባቸውን አነሱና ደግመው ነፉ። ጋሽ ዋቅቶላ ኮርኒስ በሌለው ድንኳን ኮርኒስ የሚያዩ መስለው ወደ ላይ አንጋጠጡ። እኔም ራሴን መግዛት አልቻልኩም፤ ከፊቴ የተኛው ሰውዬ ሲተነፍስ እያየሁ ነው።

በዚህ መሐል የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠና ከሸጎሌ የመጡት የጋሽ ወልዱ አማች፣ በግ ነጋዴው አቶ ተክለ ሃይማኖት፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ገቡ። ሄጄ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ አልሞቱም እኮ፤ ፊልም ነው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ሲኒማ ቤት ገብቼ አይቼዋለሁ። ግን ሳልደርስ ብቀር ሰው ምን ይለኛል?»

ቦታ ሰጥተናቸው ተቀመጡና አብረውን አለቀሱ።

ያላለቀሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም እትዬ ቦሰና ናቸው። እጃቸው ደረታቸውን ይደቃል፣ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ግን እንደ በጋ መንገድ ደርቋል። በዚያ ደረቅ ዓይን አንድ በአንድ ሲያዩን አየሁ። መንሰቅሰቃችንን፣ መነፋረቃችንን፣ ሮሃን፣ ፌስታሉን። ከዚያ ስለ ማቁ የሚለውን ደግመው፣ ስለ ሟቹ ልጆች አንድ ሁለት አዲስ ስንኝ ጨምረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨረሱ።

ሟቹ ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡ።

«ጥለቱስ?» አሉ።

አለመሞታቸውን እያወቅን እንኳ ግማሾቻችን ጮኸናል። አቶ ተክለ ሃይማኖት አማተቡ።

«ጥለቱን ዘለልሽው» አሉ ጋሽ ወልዱ፣ ጋቢው ራሳቸው ላይ እንዳለ። «ሌላውን ሁሉ አልሽው፤ ጥለቱ ጋ ስትደርሺ ዘለልሽው። እኔ እኮ እሱን ልሰማ ነው ደግሜ የሞትኩት።»

ሮሃ አፍንጫዋን ጠርጋ እስክሪብቶ አወጣች። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ዛሬ መመለስ አለብኝ። ትወና ልበል ወይስ እውነት?»

ፊሊሞን በእጁ ትወና በሏት እያለ ምልክት ያሳያል። እትዬ ደሳለች እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ጋሽ ወልዱ ከወንበሩ ሳይወርዱ ይጠብቃሉ። እትዬ ቦሰና ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ።

«ደሳለች፣ የባልሽ ቀብር ላይ ያጨበጨበልኝ ሰው ነበር?»

«ኧረ ማንም! ምን ነካሽ?»

«እንግዲያው እውነት ነበር። የተጨበጨበበት ነው ትወና፤ ያልተጨበጨበበት እውነት ነው።»

ጋሽ ዋቅቶላ ይህ ሕግ ያስኬድ እንደሆነ ለማወቅ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አሰብኩበትና ስህተቱን ላገኘው አልቻልኩም። እትዬ ደሳለች እጃቸውን ፈቱ።

ከዚያ እትዬ ቦሰና ወደ ሮሃ ሄዱና ፌስታሉን ከእቅፏ ወሰዱ። ጋሽ ወልዱ ይህን ሲያዩ ጋቢውን ከራሳቸው አውርደው ማጠፍ ጀመሩ፤ ፊታቸውን ግን ለማንም አላሳዩም።

እትዬ ቦሰና ፌስታሉን በብብታቸው ይዘው፣ በዚያው በደረቀ ዓይናቸው ወንበሩ ፊት ቆሙ፤ በድንኳኑ ላሉት ብቻ ሳይሆን በመንገድ ለሚያልፈውም እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«ትወና ነው በይ፤ ሐውልቱን እወስዳለሁ። ጥለቱ ግን የወልዱ ነው፤ ይኼንን ሳላለቅስ ነው የምናገረው።»