ሽማግሌ የገባበት ጎማ

ሰው ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ከወንድሙ ሲጣላ፣ ከሚስቱ ሲኳረፍ ሽማግሌ ይልካል፤ ያለ ነው። ደምሰው ግን፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ፣ ለሞተር ሳይክል ጎማ ሽማግሌ ላከ። ያውም አንድ አይደለም፣ ሦስት!

የተላከባት ውብነሽ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ለቡ መብራት ኃይል ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለውን ጎሚስታ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዋን ይዛ የኖረች ሴት። መጀመሪያ ሰሞን «ሴት ደግሞ ጎማ ትፈታለች እንዴ?» እያሉ ቆመው የሚያዩዋት ወንዶች ነበሩ፤ ዛሬ እነዚያው ወንዶች ጎማቸው ሲተነፍስ ሌላውን ሁሉ አልፈው እሷ ዘንድ ይመጣሉ። ውብነሽ «ይሆናል» ካለች ይሆናል፤ «አይሆንም» ካለች ደግሞ ብታለቅስባትም አይሆንም። በዚህ ጠባይዋ የተቀየሟት ብዙ ናቸው፤ እሷ በገጠመችው ጎማ የሞተ ግን የለም።

የደምሰው ሞተር ክሩዘር የሚሉት ዓይነት ነው፤ ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ መሪው የተንጋጠጠ፣ ነጂው ሶፋ ላይ እንዳለ ሰው እግሩን ወደፊት ዘርግቶ የሚሄድበት። በዚህ ሞተር አገር ያቋረጠ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት የዘጠኝ ዓመት ልጁን ሚካልን ከኋላው አፈናጦ ሀይሌ ጋርመንት ወዳለው ትምህርት ቤቷ ያደርሳል፣ ማታ ይመልሳታል፤ በቃ፣ ጉዞው ይኸው ነው። እሑድ እሑድ ብቻ ጥቁር ጃኬቱን ይለብስና ብስራተ ገብርኤል ከሚሰበሰቡ መሰሎቹ ጋር ሞተር ለሞተር ተያይቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ ይመለሳል።

ታዲያ አንድ እሑድ ከመካከላቸው አንዱ ነገረኛ የደምሰውን ሞተር ከኋላ ዞሮ አየና «ወንድሜ፣ ከፊት ሲያዩህ አንበሳ ነህ፤ ከኋላ የሳይክል ጎማ ነው እንዴ ያስገባኸው?» አለው። ሁሉም ሳቁ። ደምሰውም አብሮ ሳቀ፤ ቤቱ ገብቶ ግን እንቅልፍ አጣ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! ሳምንቱን ሙሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ የፈረንጅ ሞተሮችን የኋላ ጎማ ሲያይ ሰነበተ። ሚስቱ ሌላ ነገር የሚያይ መስሏት ስልኩን ነጥቃ ብታይ፣ ጎማ ነው። በወሩ ዱባይ የሚመላለስ ዘመዱን ለምኖ፣ ስፋቱ የነበረውን አንድ ተኩል እጥፍ የሚያህል ጎማ አስመጣ።

ጎማውን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ብቅ ሲል ውብነሽ ገና ከሩቅ ሳቋ መጣ።

«ደምሰው፣ ይሄ የምን መኪና ጎማ ነው?»

«የሞተሬ ነዋ! ለኋላ ግጠሚልኝ።»

ሜትሯን አወጣች። ጎማውን ለካች፣ ጎማው የሚገጠምበትን ቸርኬ ለካች፣ ጎንበስ ብላ ጎማውን ግራና ቀኝ የያዘውን ብረት ለካች። ከዚያ ቀና አለች።

«አይሆንም። ቸርኬህ ጠባብ ነው። በግድ ባስገባው ጎማው ወገቡን ተጨብጦ ይቆማል እንጂ አይቀመጥም። በዚህ የሚያሽከረክረውን ካቴና፣ በዚያ ብረቱን ይታከካል። ቀጥ ባለ መንገድ ምንም ላይልህ ይችላል፤ የሚጠብቅህ ስትታጠፍ ነው። ሲታከክ ይግላል፣ ሲግል ጎኑ ይላጣል፣ አንድ ቀን ከገልባጭ መኪና ጎን ስትደርስ ይፈነዳልሃል።»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«ከኋላህ የምትቀመጠው ማን ናት?»

«ሚካል ናታ።»

«እንግዲያው ሂድ። አልገጥምም።»

ደምሰው ጎማውን አቅፎ ሌሎች ሁለት ጎሚስታዎች ዘንድ ሄደ። ሁለቱም ጎማውን አገላብጠው አዩና «ውብነሽ አይታዋለች?» ብለው ጠየቁት። አይታዋለች አለ። «እሺ አለች?» ሲሉት ጎማውን መልሶ አቀፈ፤ እነሱም ወደ ሥራቸው ዞሩ። ይኼኔ ነው የጎማው ጉዳይ የክብር ጉዳይ የሆነው። «ሴትዮዋ ንቃኛለች» አለ ደምሰው። ጎማ ያልገባለት ሰው ስለ ንቀት ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የሰማሁት ከእሱ ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። አመራረጡን ልብ በሉልኝ፤ ለዚህ ለዚህ ሲሆን የደምሰው ጭንቅላት ይሠራል። አንደኛው ጋሽ ኮርሳ ናቸው፣ የእድሩ ሊቀመንበር። ሁለተኛው ቀለምና ሚስማር የሚሸጡት ሐጂ ጀማሉዲን። ውብነሽ ጴንጤ ናት፣ የእሷን ወገን ካልጨመርኩ አትሰማኝም ብሎ፣ ሦስተኛውን ከራሷ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መካከል ጋሽ ወጋየሁን አመጣባት። ደምሰው ለወጉ ብሎ የእሑዱን ጥቁር ጃኬት እንደለበሰ፣ እንደ ደንቡ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ከማጠናከሪያ ትምህርት የመለሳት ሚካል ቦርሳዋን እንዳዘለች አጠገቡ አለች። ሞተሩም ደጅ ተገትሯል።

«ኖር! ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ውብነሽ እጇን በጨርቅ እየጠረገች።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ኮርሳ። «የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም።»

ደምሰው ትከሻ ላይ ያንን ጎማ ባታይ ኖሮ፣ ማን ሊያገባኝ ነው ብላ በደነገጠች ነበር።

«በእናንተ መካከል ቅሬታ እንዳለ ሰምተን ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኮርሳ ቀጥለው። « ጥፋቱ በማን በኩል ነው?»

«በጎማው።»

«ጎማ አፍ የለውም። ስለ ሰው እንነጋገር።»

ውብነሽ ትዕግሥቷን ሰብስባ ከመጀመሪያው ጀመረች። ቸርኬውን አሳየች፣ ብረቱን አሳየች፣ የት እንደሚታከክ በጣቷ ነካች። ሦስቱም ስብከት እንደሚሰማ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ስትጨርስ ጋሽ ኮርሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ገብቶናል። እንግዲህ ጎማው ሰፊ ነው፣ ሞተሩ ጠባብ ነው። እሱም ልክ ነው፣ አንቺም ልክ ነሽ። ጎማው እንዳይቀንስ፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ትንሽ ይልቀቅለት።»

«ጋሼ፣ ብረት እንዴት አድርጎ ነው የሚለቀው?»

«ትንሽ ትንሽ ነዋ! ከዚህ አንድ ጣት፣ ከዚያ አንድ ጣት። ሰው ከሰው የሚታረቀው እንዴት ሆነና?»

«ከላይ ያለው ፓራፋንጎም ይነሳ» አሉ ሐጂ ጀማሉዲን። «እሱ ጌጥ ነው።»

«የቀረውን በጸሎት እንይዘዋለን» አሉ ጋሽ ወጋየሁ።

ወይ ጌታዬ! ብረትና ጎማን እንደ ኩርፈኛ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ቆመዋል! ውብነሽ ደሟ ፈላ፤ ያንን ጎማ ከነሽማግሌው ደጅ ብታሽቀነጥረው ደስ ባላት ነበር። ግን ማንን ነው የምትመልሰው? ባሏ የሞተ ዕለት ድንኳን አስተክለው ሦስት ቀን ከደጃፏ ያልተለዩት እኚሁ ጋሽ ኮርሳ ናቸው። ሐጂም ያን ሰሞን ሱቃቸውን ዘግተው ቀብር ቆመዋል። ጋሽ ወጋየሁን ደግሞ ነገ ጠዋት በየት በኩል ቀና ብላ ታያቸዋለች? ሽማግሌ የመለሰች ሴት ከተባለች በኋላ በዚያ ሰፈር መኖር እንዴት ያለ መኖር ነው? ሚካልንም አየቻት፤ ልጅቷ የተደረደረ ጎማ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

«እሺ» አለች ውብነሽ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ጠላች።

«ተባረኪ!» አሉና ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። ለካ እግራቸው ዝሎ ነበር።

አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለችው። አሮጌውን አውልቃ አዲሱን በሳሙና ውኃ እያለሰለሰች፣ በብረት እየገፋች፣ ላብ በላብ ሆና አስገባችው። ፓራፋንጎውን አነሳች። ካቴናው ከጎማው እንዲሸሽ ሮንዴላ የሚሉትን ቀለበት ብረት ደርድራ ወደ ውጭ ገፋችው። እንደዚያም ሆኖ በጎማውና በብረቱ መካከል የቀረው ቦታ አንድ ወረቀት ቢያሳልፍ ነው። ደምሰው ከኋላ ዞሮ አየና ፊቱ በራ። ተንበርክኮ ፎቶ አነሳ፤ ቆሞ አነሳ፤ ጋሽ ኮርሳን ከጎማው አጠገብ አቁሞ አነሳ።

«ይኸው ገባ አይደል?» አሉ ጋሽ ኮርሳ። «ሽማግሌ የያዘው ነገር መች ይከሽፋል!»

ውብነሽ እጇን ታጥባ መጣችና ፊታቸው ቆመች።

«አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እርቅ ያለ ዋስ ይጸናል?»

«በፍጹም አይጸናም!»

«ታዲያ ለዚህኛው ዋሱ ማን ነው?»

«እኛው ነን እንጂ! ሦስታችንም!» ጋሽ ኮርሳ ደረታቸውን መቱ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ከዋሶቹ አንዱ ከደምሰው ኋላ ይቀመጥና ሀይሌ ጋርመንት ደርሶ ይመለስ። እኔ የፈራሁት መታጠፊያውን ነው፤ ጎማው እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚል ሰምቶ ይንገረኝ።»

ጋሽ ኮርሳ ሐጂን አዩ፤ ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ።

«እኔማ ይኼ ደም ግፊት ባይኖርብኝ…» አሉ ጋሽ ኮርሳ።

«ሰላት ደርሶብኛል» አሉ ሐጂ ጀማሉዲን፣ ሳይነሱ።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ እርስዎስ? ጸሎቱን የያዙት እርስዎ ነዎት።»

«ጸሎት» አሉ ጋሽ ወጋየሁ ረጋ ብለው፣ «ከሩቅም ይሠራል።»

ውብነሽ ደስ አላት። አበቃ፣ አሁን ገብቷቸዋል፣ አሁን «አውልቂው» ይሉኛል ብላ መፍቻዋን አነሳች። ይኼኔ ሚካል ከተቀመጠችበት ዘለል ብላ ወረደች፣ ወደ ሞተሩ ሄደች፣ እንደ ሁልጊዜዋ እግሯን ማሳረፊያው ላይ አድርጋ ከኋላ ወጣች። «አባዬ፣ በቃ እንሂድ፤ ርቦኛል» አለች።

ሦስቱም ሽማግሌዎች አዩዋት። ውረጂ ያላት የለም። ጋሽ ኮርሳ እፎይ አሉ፤ ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ።

«ይኸውላችሁ! እሷማ ቀላል ናት። ልጅ ምን ክብደት አለውና ነው? ምንም አይላትም።»

«ልክ ነው» አሉ ሐጂ። ጋሽ ወጋየሁም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ውብነሽ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ለራሳቸው የፈሩትን ወንበር ለልጅቷ መረቁላት! ደምሰውን አየችው። ደምሰው ሰምቷል፤ የሰማ መሆኑ ከዐይኑ ያስታውቃል፤ አንድ አፍታም እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ። ግን ሽማግሌ ፊት፣ ያን ሁሉ ፎቶ ካነሳ በኋላ፣ ነገ እሑድ ሆኖ… ሞተሩ ላይ ወጣና ቁልፉን አዞረ።

ከዚህ በኋላ ውብነሽ ከማንም ጋር አልተማከረችም። ላስቲክ የምትቆርጥበትን ቢላዋ ከጠረጴዛው አነሳች፣ ጎንበስ አለች፣ በሁለት እጇ ይዛ የጎማው ጎን ላይ እስከ እጀታው ሰካችው። ፉ አለና ያ ሁሉ ውፍረት መሬት ላይ ተኛ።

ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ኧረ ጉድ! ኧረ የሰው ንብረት! ጋሽ ኮርሳ ከዘራቸውን አነሱ። እውነት ለመናገር ግን ደስ ብሏቸዋል፤ አሁን ነው የሚያውቁት ዓይነት ጠብ የመጣላቸው። መልሰው በመስመር ተቀመጡ።

«ውብነሽ፣ አጥፍተሻል!»

«አዎ አባቴ፣ አጥፍቻለሁ። የፈረዳችሁትን እክሳለሁ» አለች፣ ያለ ምንም ቁጣ። በዚያ ቀን ከአፏ የወጣ፣ ያልቆጫት ቃል ይህ ብቻ ነበር።

ክርክሩ ተጀመረ። ሐጂ ሙሉ ትክፈል አሉ፤ ጋሽ ወጋየሁ ግማሽ ይበቃል፣ እህታችን ናት አሉ፤ ጋሽ ኮርሳ ካሳው ይቆይና በመጀመሪያ ይቅርታው፣ ደንብ ደንብ ነው አሉ። ደምሰው ግን አይሰማም። ልጁን ከሞተሩ ላይ ብድግ አድርጎ አቅፏት ቆሟል። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ናት፤ እግሯ ጉልበቱ ድረስ ተንጠልጥሏል፤ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ከብዳዋለች፤ ግን አላወረዳትም። የተኛውን ጎማ አየ። ከዚያ የሚከራከሩትን ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ፣ ገና ዛሬ እንደሚያውቃቸው ሁሉ፣ አያቸው።

«ውቤ» አለ በዝግታ፣ «አሮጌው ጎማ የት ነው?»

በጣቷ አሳየችው። ልጁን አወረዳት፣ ጥቁር ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት፣ ጎማውን እያንከባለለ አመጣው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተንበርክከው መፍታት ጀመሩ፤ እሷ በመፍቻ፣ እሱ በእጁ።

«ኧረ ቁጭ በሉ እንጂ!» አሉ ጋሽ ኮርሳ ከኋላቸው። «ገና መች ታረቃችሁና ነው!»