የድዳዎች አፍ

«አያሌው ጎራዴው፣ አያሌው አንበሳ፣
ጥይት የማይነካው፣ ጠላት ሲነሳ!»

አልቃሿ ውዴ ደረቷን እየደቃች ይህን ስታወርድ በዳሱ ውስጥ ያለው ሴት ሁሉ ተቀብሎ ዋይ አለ። ትርንጎ ብቻ ከሰሌኗ ላይ ቀና ብላ በግርምት አየቻት። የሟች ሚስት ናት፤ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ያያት ሁሉ እንባ ነው ያነቃት ይላል እንጂ ንዴት ነው ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። አያሌው አንበሳ! ደብረ ታቦር ላይ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ከጎታው ኋላ ተወሽቆ «ሄዱ ወይ ትርንጎ?» እያለ ሲጠይቃት የኖረ ሰው፣ አፈር ሲለብስ አንበሳ ሆኖ አረፈው። አንበሳ ያየውም በሲኒማው አቡጀዲ ላይ ነው፤ ያውም ሲያዛጋ።

ውዴ ትንፋሽ ልትሰበስብ አጠገቧ ዘፍ ስትል ትርንጎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ውዴ፣ ያላደረገውን አትበይበት።»

«እህ! ታዲያ ምን ልበል? ገዳይ አይደል፣ አራሽ አይደል፣ ደብተራ አይደል። ለቅሶ እኮ ሙያ ይፈልጋል እታለም። ምን ሠርቶ ሞተ ልበል? አንቺ ንገሪኝና እኔ ላልቅሰው።»

ትርንጎ ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ኖራ፣ ስትሰድበው ውላ ስትሰድበው አምሽታ፣ አሁን አንድ ስንኝ የሚሞላ እውነት ከአፏ አልወጣ አላት። ለዚህ ነው የለቀስተኛው ውሸት ያንገበገባት።

ለቀስተኛውም ለቀስተኛ ነው! እዚያ ማዶ አባ ሞላ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው «ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው» ይላሉ። እኒሁ አባ ሞላ አይደሉም እንዴ የአያሌውን ሲኒማ «ምትሐት ነው፣ የገባበት ይወገዛል» ብለው ዐውደ ምሕረት ላይ ያወጁት? ባወጁ በሳምንቱ ቅዳሜ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ባቡሩ ከአቡጀዲው ጫፍ ሲጠፋ «ወዴት ገባ?» ብለው የጮኹት እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸውን የማያውቅ ምእመን አልነበረምና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሁን ደግ ሰው ነበር ይላሉ። ሙት አይመልስ!

የአያሌው ሙያ ይኸው ሲኒማ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ጎረምሳ ሳለ ለአንድ መንገድ ሠሪ መካኒክ ተላላኪ ሆኖ ሠርቶ ነበር። ሰውየው ሲወጣ አንድ የብረት መሣሪያና በቆርቆሮ የታሸጉ ጥቅልል ፊልሞች ትቶለት ሄደ። መሣሪያው እጀታውን በእጅ ሲያዞሩት ነው የሚሠራው፤ መብራቱን አያሌው ከተሰበረ ካሚዮን ፋኖስና ባትሪ ገጣጠመለት። ፊልሞቹ እጅግ አሮጌ፣ አጫጭርና ድምፅ የሌላቸው ናቸው፤ አንዱ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አይቆይም። ሌባ ይሮጣል፣ ፖሊስ ይከተለዋል፣ ሴት ራሷን ስታ ትወድቃለች፣ ያበቃል።

ከሐሊማ ሱቅ በስተጀርባ ባለችው ጎተራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየ ቅዳሜ፣ ከጉና ገብስ ጭነው የመጡ ገበሬዎች አቡጀዲው ላይ ሰዎች ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አዩና «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ አስጨነቁት። አያሌው ግራ ገባው፤ ምን እንዳሉ እሱም አያውቅ። ዝም ቢል ሕዝቡ ተነሥቶ ሊሄድ ነው። ስለዚህ በአንድ እጁ እጀታውን እያዞረ «ልንገራችሁ!» አለ። በል ካሉት ደግሞ አያባራም። ሌባውን የይፋግ ሰው፣ ፖሊሱን የእብናት፣ የወደቀችዋን ሴት የጨጓራ ሕመምተኛ አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ የድዳዎች አፍ ተባለ።

ትልቁ ዝናው ግን የሹመቱ ፊልም ነው። አንድ ሪዛም ወፍራም ሰው እንግዳ ከሞላበት አዳራሽ ይገባል፣ ሁሉም ይነሣለታል። አንድ ጩጬ ሰውዬ ነጭ ነገር በሳሕን ቁልል አድርጎ ይመጣና ፊቱ ላይ ይለጥፍበታል፤ ወፍራሙ ይንዘፈዘፋል። ጣፋጭ ዳቦ በዚህ ዓይነት ክሬም ተሸፍኖ በዓለም ላይ ይኑር አይኑር በጊዜው ደብረ ታቦር ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። አያሌው አሰበ አሰበና ቅቤ ነው አለ። ሌላ ምን ይሆናል? ሰው ሲከበር ቅቤ ይቀባል።

«ይህ ሰው ዳኛ ሆኖ ተሾመ!» ይል ነበር ድምፁን አጎርንኖ። «ወዳጁ ቅቤ ቀባው። አያችሁ ሲንዘፈዘፍ? ደስታው በዝቶበት ነው! በሉ እንግዲህ፣ ሹመት ያዳብር!»

«ያዳብር! ያዳብር!» ይላል ቤቱ በአንድ አፍ።

አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ቅቤ በራስ እንጂ በፊት ይቀባል?» ብለው ቢጠይቁት፣ አያሌው ዓይኑን ሳያሽ «አባቴ፣ ሰውየው መላጣ ነው፤ ራሱ ቅቤ አይዝለትም» አላቸው። ሽማግሌውም «እውነት ነው» ብለው አረፉ።

ትርንጎ ይህን ሁሉ ትንቅ ነበር። «ያላሉትን ምን ቆርጦህ ታስብላቸዋለህ? ነገ በሰማይ ቤት ተነሥተው ቢይዙህስ?» ትለዋለች። እሱ ግን አይቆጣም።

«ቢሰሙኝ የሚከፋቸውን ቃል በአፋቸው አላስገባሁም፣ ትርንጎ።»

ከዚህም በላይ የምትጠላው መሣሪያውን ነበር። እጀታዋ ካልተቀባች ትንቋቋለች፤ የመኪና ዘይት በማይገኝበት አገር አያሌው የትርንጎን የጠጉር ቅቤ በጣቱ እየዛቀ ይቀባታል። ከጉና የመጣላት ለጋ ቅቤ ብረት ሲጠጣው ስታይ ትርንጎ እርር ትላለች። ስም አወጣችላት፤ ጣውንቴ። «እንካ፣ ጣውንቴን ቀባት፤ እኔማ ደርቄ ልሙት!» ብላ ቅሉን ከነቅቤው የወረወረችበት ቀን ብዙ ነው። እሱ ቅሉን ይቀልብና ይስቃል።

በዳሱ በር አካባቢ ሰው ተንጫጫና ከሐሳቧ መለሳት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ፈንታሁን ካኪውን ለብሶ፣ ሽጉጡን ታጥቆ ገባ። በልጅነቱ ከአቡጀዲው ሥር ተጋድሞ ከማንም ይበልጥ ሲስቅ የሚያድር የነበረ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ሦስት ወር ተምሮ ከመጣ ወዲህ ግን ሳቅ ረስቷል።

«እትዬ ትርንጎ፣ ይጽኑ» አለ ቆሞ። «ነገ በሠልስታቸው ጓድ አያሌውን ለመዘከር ፊልሞቹ በቀበሌው አዳራሽ ይታያሉ። መሣሪያውን በፈቃዳቸው ለአብዮቱ ማበርከታቸውንም ለሰፊው ሕዝብ እገልጻለሁ።»

«በፈቃዳቸው?» አለች ትርንጎ።

«በፈቃዳቸው» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

አባ ሞላ «መልካም ነው፣ መልካም ነው» አሉ። ምን ያላሉት ነገር አለ!

በፈቃዱስ አልነበረም። አብዮቱ ሲጠና ፈንታሁን ከታጣቂዎች ጋር መጥቶ መሣሪያዋን በሸክም አስወሰደ። ከዚያ አያሌውን አዳራሹ ውስጥ አቁሞ ለሕዝብ እንዲናገር አዘዘው፤ ወፍራሙ ሰው ፊውዳል ነው፣ «የድሀ ደም መጣጭ ነኝ» እያለ ነው በል። አያሌው እጀታውን ያዘና ማዞር ጀመረ። ወፍራሙ ገባ፣ እንግዳው ተነሣ፣ ቅቤው መጣ። አያሌው ዝም። ፊልሙ አልቆ አቡጀዲው ነጭ ሆኖ እስኪቀር ዝም። ፈንታሁን «ተናገር እንጂ!» ብሎ ሲጮህበት፣ ያ ከጎታ ኋላ የሚደበቅ ፈሪ «ይሄ ሰውዬ እንዲህ አይልም» ብሎ መለሰ። ለዚህ ታሰረ፤ ከተፈታ ወዲህ ስለ ፊልም ተናግሮ አያውቅም። ትርንጎም ያን ጊዜ «ምን ነበረበት ብትልላቸው? ስለ ፈረንጅ ሥዕል ብለህ ታሰርክ!» ብላ ሰድባዋለች።

አሁን ገባት። አያሌው ራሱ ድዳ ሆኗል። ውዴ አንበሳ ትለዋለች፣ አባ ሞላ ደግ ይሉታል፣ ፈንታሁን በፈቃዱ ሰጠ ሊለው ነው። የፈለገው ሁሉ ያሻውን በአፉ ይከትበታል፤ እሱ ተነሥቶ አላልኩም አይል። ነገ ያ ቃል በሕዝብ ፊት ከተባለ ደግሞ እውነት ሆኖ ይቀራል።

በማግስቱ ጠዋት መሣሪያዋን አዳራሹ ውስጥ ሲሞክሯት የእጀታዋ ሲቃ እስከ ዳሱ ተሰማ። ለዓመታት የቀባት አልነበረም።

«የእውነት ያለቀሰችለት ጣውንቴ ብቻ ናት» አለች ትርንጎ፣ ለማንም ሳትል። ተነሥታ ወደ ሐሊማ ሱቅ ሄደች።

«ሐሊማ፣ ለጋ ቅቤ አለሽ?»

«አለ። ግን ወላሂ ትርንጎ፣ በሐዘን ላይ ቅቤ...»

«ለኔ አይደለም።»

ሐሊማ ዓይን ዓይኗን አየቻትና ሌላ ሳትጠይቅ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻት።

አዳራሹ በርና መስኮቱ በቡልኮ ተጋርዶ ጨልሟል፤ ለቀስተኛው ሁሉ በግድም በውድም ተሰብስቧል። የቀበሌው ዘበኛ እጀታውን ሲያዞር ሲቃው ጥርስ ያስቆረጥማል። ፈንታሁን አቡጀዲው አጠገብ ቆሞ ይናገራል። ሌባው የሥርዓቱ ሰለባ ሆነ፣ ፖሊሱ አድኃሪ ሆነ። ማንም አልሳቀም። የሹመቱ ፊልም መጣ።

«ይህ ፊውዳል ነው። ይህ በፊቱ ላይ የተለጠፈው ኬክ ይባላል፤ ውርደት ነው። የጭቁኑ ሕዝብ ቡጢ ነው!»

አንድ ሰው አሳለ። ፊልሙ አልቆ የመሣሪያዋ ብርሃን አቡጀዲው ላይ ብቻውን ቀረ። ፈንታሁን በዚያ ብርሃን ፊት ቆሞ ቀጠለ።

«ጓድ አያሌው ይህን መሣሪያ በፈቃዳቸው ለአብዮቱ አበርክተዋል። ባለቤታቸው እዚህ አሉ፤ ይመሰክራሉ። እትዬ ትርንጎ፣ ይናገሩ።»

ትርንጎ ተነሣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ፊቱ ስትደርስ ቅጠሉን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ገለጠችው፤ ቅቤውን በእጇ ሙሉ ዝቃ ከግንባሩ እስከ አገጩ ለጠፈችበት። የፈንታሁን እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

ያን ጊዜ ትርንጎ ድምፅዋን አጎርንና፣ ልክ እንደሱ፣ «ወዳጁ ቅቤ ቀባው!» አለች። «አያችሁ ሲንዘፈዘፍ? ደስታው በዝቶበት ነው! በሉ እንግዲህ፣ ሹመት ያዳብር!»

«ያዳብር! ያዳብር!» አለ ቤቱ። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሁለት ሰው፣ ከዚያ ሁሉም። አባ ሞላ ሳይቀሩ፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ሳቁ ጣራውን አናጋው።

ፈንታሁን በቅቤው መካከል ዓይኑን አርገበገበ። ተሰደብኩ ቢል፣ ሕዝብ ሹመቱን እየመረቀለት ነው። ተከበርኩ ቢል፣ ውርደት ነው ብሎ አሁን በአፉ ተናግሯል። ከአገጩ ላይ ቅቤ እየተንጠባጠበ «አመሰግናለሁ» አለ፤ ሳቁ ዳግመኛ ተነሣ። በፈቃዳቸው የምትለዋን ቃል ከዚያ በኋላ የሰማትም የደገማትም የለም።

ሳቁ ሲበርድ ውዴ ከተቀመጠችበት ቀስ ብላ ሙሾ አወጣች። ደረቷን አልደቃችም።

«ድዳ አናጋሪው፣ አያሌው ዝም አለ፣
ማን ይናገርለት፣ እሱስ ከሌለ?»

ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ትርንጎ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ መሣሪያዋ ሄደች። ዘበኛው ምን እንደምትፈልግ ሳያውቅ ቦታ ለቀቀላት። በቅጠሉ ላይ ጥቂት ቅቤ ቀርቷል። የእሷ ራስ ተላጭቶ ሐዘን ላይ ነው፣ ቅቤ አይነካም።

«እንኪ» አለቻት ጣውንቷን።

በጣቷ እየዛቀች የእጀታዋን ሥር፣ አያሌው በሚቀባበት በኩል፣ አንድም ሳታስተርፍ ቀባቻት። ከዚያ እጀታውን ይዛ በዝግታ አዞረችው። አልጮኸችም።