ይህ ሳህን የማን ነው?

ዙሀራ የተዘጋባትን የጋቢና በር መልሳ ከፈተችው። የዘጠኝ ወር ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው የአይሱዙውን በር ጨብጣ ወረደች።

«ምን ረሳሽ?» አለ ባሏ ባሽር ከመሪው ላይ ሆኖ።

«ምንም። አልሄድም።»

ባሽር ሞተሩን አላጠፋም። ባቄላው ተጭኗል፤ ሊማሊሞን በጊዜ ካልወረደው ጉም ይይዘዋል። አዲ አርቃይ ሲደርስ እሷን የወፍ በሽታን በዕፅ ሥር የሚያክም ባለመድኃኒት ቤት ሊያስገባት፣ እሱ ባቄላውን ሊያራግፍ ነበር። እዚያ ሥሩን እየጠጣች ትወልዳለች፤ እስከ አርባ ቀን እሷንም ልጁንም መርፌ አይነካቸውም። የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም ይላል ባለመድኃኒቱ። አገሩም ይለዋል።

የዙሀራ በሽታ የታወቀው በስድስተኛ ወሯ፣ ለእርግዝና ክትትል ደሟ ሲመረመር ነው። የጉበት ቫይረስ። አዋላጇ ሲስተር ሃና በየቀኑ የምትውጠው ክኒን አስጀመረቻት፤ ልጁ በተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ካልተከተበ ግን ቫይረሱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ሊኖር እንደሚችል አስጠነቀቀቻት። ስለ ሥሩ ስትጠይቃትም፣ «አንዳንዱ ራሱ ጉበት እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል፤ እንዳትሞክሪው» አለቻት። ባለመድኃኒቱ ቤት የገባችን አራስ ማን አስወጥቶ ልጇን ያስከትብላታል? ዙሀራ ይህን ያሰበችው ጋቢናው ውስጥ ተቀምጣ ነው። ዘግይታ ቢሆንም አሰበችው።

አማቷ እማ ዘምዘም ድምፅ ሰምተው ከበሩ ብቅ አሉ። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እማ። እዚሁ ደባርቅ ነው የምወልደው። ልጄም ይከተባል።»

«መርፌ!» አሉ እማ ዘምዘም ሻሻቸውን እያጠበቁ። «የባሽርን አባት ምን ገደለው ታዲያ? ሆዱ ተነፍቶ፣ ዐይኑ እርድ መስሎ፣ በተወጋ በሦስተኛው ቀን አይደል የቀበርነው?»

«ሁለት ወር ሥር ሲጠጡ ከርመው ነው የተወጉት። መርፌው ሲደርስ እሳቸው አልቀው ነበር።»

በዚህ ቤት እንዲህ የተናገረች ምራት የለችም። ዙሀራ ራሷ ደነገጠች፤ ግን አልጸጸታትም።

«በይ ግቢ» አሉ እማ ዘምዘም፣ በሩን እየለቀቁላት። «እህል ቅመሽና እንነጋገራለን።»

ባሽርም ሞተሩን ሳያጠፋ ተከትሏቸው ገባ። ፍትፍቱ በትሪ ቀርቧል። ከትሪው ራቅ ብሎ፣ ዱካ ላይ፣ የዙሀራ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳህን አለ። ውጤቷ ከተሰማ ጀምሮ፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ የምትበላው በሱ ብቻ ነው። ሲስተር ሃና በደም፣ በግንኙነትና በወሊድ እንጂ በማዕድ አይተላለፍም ብትልም የሰማት የለም። ባሽር ሳህኑን በየቀኑ እያየ ዝም አለ። ከሳህኑ ይልቅ ዝምታው አንገብግቧታል።

ሳህኑን አነሳችው።

«እማ፣ አባባ የታመሙት የወፍ በሽታ ነው አላችሁ። የኔም የወፍ ነው አላችሁ። ከዳባት ወደዚህ ቤት ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት እዚህ ቤት በሽታው በማን ላይ እንደነበረ ታውቃላችሁ?»

«እኛን ማለትሽ ነው?» አሉ እማ ዘምዘም።

«እናንተን አላልኩም። ከኔ ይምጣ ከእናንተ አላውቅም። ባልሽም አማትሽም ይመርመሩ ከተባልኩ ሦስት ወር ሆነኝ፤ ማናችሁም አልሄዳችሁም። እስክትመረመሩ ድረስ ይህ ሳህን የማን እንደሆነ አናውቅም።»

ባሽር አቀርቅሮ ወጣ። ዙሀራ ጥሎኝ ሊሄድ ነው አለች በልቧ። ይሂድ! እሷ ግን ከደባርቅ ንቅንቅ አትልም።

በሳህኑ የነበረውን ፍትፍት ትሪው ላይ ገለበጠችው። ባዶውን ሳህን ወደ ደጅ አውጥታ ለዶሮዎቹ ውሃ ሞላችበትና ተመልሳ ከትሪው ተጠግታ ተቀመጠች።

የመኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ባሽር ቁልፉን በእጁ ይዞ ገባና ከጎኗ ተቀመጠ።

«ላቦራቶሪው ስንት ሰዓት ይከፍታል?»

«ሁለት ተኩል።»

እማ ዘምዘም እጃቸውን አልዘረጉም፤ ትሪውን ትክ ብለው ያያሉ። ዙሀራ አልጠበቀቻቸውም። ቢስሚላህ ብላ ከመሀሉ ጎረሰች።