የእትዬ አሸዋ ወንበር

"ኢንጂነሩ" የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በትምህርቱ አይደለም፤ በጭሱ ነው። መተዳደሪያው የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጠገን ሲሆን በዚያ ማንም አያማውም። ጉዱ የሚጀምረው ከሥራ ሲመለስ ነው። እራቱን ጎረስ ጎረስ አድርጎ ከመኝታ ቤቱ ጎን ወዳለችው ትንሽ ክፍል ይገባል። ጥቂት ቆይቶ በበሩ ሥር ቀጭን ጭስ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ጎረቤቶች መስኮታቸውን እየዘጉ፣ "ኢንጂነሩ ሥራ ጀመረ" ይባባላሉ።

የሚሠራው የሚንቀሳቀስ ወንበር ነው። ሰው ተቀምጦበት ኮምፒውተር ላይ መኪና ሲነዳ፣ መኪናው ዳገት ሲወጣ ወንበሩ ወደ ኋላ ጋደል እንዲል፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ደፋ እንዲል፣ ሲታጠፍ ወደ ጎን ዘንበል እንዲል ነው የታሰበው። መቀመጫው ከተጋጨ ታክሲ የተነቀለ ነው፤ ቀበቶው ሳይቀር አብሮት መጥቷል። ከኋላ የሚገፉትና የሚስቡት ሁለት ሞተሮች ደግሞ የአሮጌ ጭነት መኪና መስታወት ሲጠርጉ የኖሩ ናቸው። ሞተሮቹን የሚያዝዘውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ግን ራሱ ነው የሠራው። ልፋቱም ጭሱም ከዚያ ነው የሚመጣው።

"ለምን ተሠርቶ የሚሸጠውን አትገዛም?" ብሎ የጠየቀው ሰው ሁሉ ተጸጽቷል፤ መልሱ ረጅም ነውና። እኛ እናሳጥረው። እያንዳንዱ ሞተር ኤሌክትሪክን በሚያሳልፉና በሚያግዱ አራት ትንንሽ ትራንዚስተሮች ይታዘዛል። ሁለቱ በሰያፍ ሲከፈቱ ሞተሩ ወደ ፊት፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሲከፈቱ ወደ ኋላ ይዞራል። በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱ በስህተት አንድ ላይ ከተከፈቱ ግን ኤሌክትሪኩ ሞተሩን ረስቶ በአቋራጭ ያልፍና፣ ቷ! ትራንዚስተሩ ሆዱ ይፈነዳል፤ ኢንጂነሩም ትንፋሹን ውጦ ሌላ ይበይዳል። የፈነዱትን አይጥላቸውም፤ በብርጭቆ ያጠራቅማቸዋል። ሚስቱ አንድ ቀን ቁልፎች መስለዋት ለደንበኛ ቀሚስ ልትተክላቸው ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ነው። ብዙ ታግሳዋለች። አሁን ግን ትዕግሥት ብቻ የማይፈታው ነገር መጣ። ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት እናቷ ከቤታቸው ደረጃ ላይ ወደቁ። አጥንታቸው ቢተርፍም የልጃቸው ልብ አልተረፈም። ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ በሐሳቧ እናቷ በየሰዓቱ ይወድቃሉ።

"ስማኝ፣" አለችው። "እማዬ እሁድ ጠቅልላ ትመጣለች። ትንሿ ክፍል የሷ ናት።"

"ወንበሩስ?"

"አሮጌ ብረት ገዢው ይወስደዋል።"

ኢንጂነሩ ክው አለ። ይከራከራል ብላ ስትጠብቅ እጆቹን ማየት ጀመረ። ጣቶቹ በመበየጃው ተለብልበው ጠቃጠቆ ሆነዋል። ይህን ስታይ አንጀቷ አልቻለም።

"እሺ በቃ፣" አለች። "እማዬ ሳትመጣ ሰው ይቀመጥበትና በደህና ይነሳ። ያኔ ሳሎን ጥግ ቦታ እፈልግለታለሁ። ሰው ካልተቀመጠበት ግን ወንበር አይደለም፤ ቆሻሻ ነው።"

"ሰው ስትዪ..."

"ሰው ስል የሚተነፍስ ሰው። እትዬ አሸዋ አይቆጠሩም።"

እትዬ አሸዋ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ናቸው። ኢንጂነሩ ጥንቁቅ ነው፤ ሙከራውን ሁሉ የሚያደርገው በእሳቸው ላይ ነው። ክብደታቸው የሰው ያህል ሲሆን፣ አሸዋው ሽቦዎቹ ላይ እንዳይረግፍ የሚስቱን አሮጌ ካፖርት ለብሰው፣ እስከ አንገታቸው ተቆልፈው፣ ቀበቶ ታስረው ይቀመጣሉ። ስማቸውን ያገኙት በመጀመሪያው ሙከራ ዕለት ነው። ወንበሩ ምን ያህል እንደዘነበለ ለቦርዱ የሚናገር አንድ መለኪያ አለ፤ ኢንጂነሩ የዚያን ሽቦ ገልብጦ አስሮት ነበር። ቦርዱ ወንበሩን ትንሽ ደፋ አድርጎ ሊመልሰው ሲል፣ መለኪያው ተቃራኒውን ነገረው፤ ቦርዱም አምኖ ባለ በሌለ ጉልበቱ ደፋው። ያን ቀን ቀበቶው አልታሰረላቸውምና እትዬ አሸዋ ተወርውረው ከቁምሳጥኑ ጋር ተላተሙ። ሚስቱ እየሮጠች መጥታ "ማነው የወደቀው?" ስትል፣ ኢንጂነሩ ደንግጦ "እትዬ አሸዋ" አላት። ስሙም በዚያው ጸና።

ሽቦው ከተስተካከለ በኋላ ኢንጂነሩ በትዕግሥት፣ ጥቂት በጥቂት፣ የቦርዱን ጉልበት ለካ። ወንበሩ ሳያንሸራትት፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ እትዬ አሸዋን እንደ ሙሽራ ያዘነብላቸው ጀመር። ታዲያ ምን ቀረው? መቀመጥ ብቻ። እሱ ግን አልተቀመጠም። ሁልጊዜ ምክንያት አለው፤ ዛሬ ፊውዙ አላማረውም፣ ነገ ቴስተሩ ባትሪ ጨርሷል። ለሚስቱ፣ "ማቆሚያውን የምይዘው እኔ፤ ታዲያ እንዴት ልቀመጥ?" ይላታል። ማቆሚያው ከረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ቀይ ቁልፍ ናት፤ ስትጫን ሁሉም ቀጥ ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን ሰውዬው ፈርቷል። የሠራውን የሚያውቅ ሰው የሚፈራውን ያህል ፈርቷል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቆረጠ። እትዬ አሸዋን አቅፎ ጥግ አስቀመጣቸው። ኮምፒውተሩ ላይ "ለስላሳ መንገድ" ያለውን ሙከራ ከፈተና ቀበቶ ለማሰር ጊዜ እንዲያገኝ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንዲጀምር አደረገው። ቀይ ቁልፏን በበሩ እጀታ ላይ አንጠለጠላት፤ ከወንበሩ ሆኖ እጁን ቢዘረጋ ይደርስባታል። ማብሪያውን ጫነ። ወንበሩ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ዝም ብሎ ጠበቀው። ኢንጂነሩ አንድ እግሩን አንሥቶ ሊቀመጥ ሲል ሆዱ ተገለባበጠ። የፍርሃት ነገር እንግዲህ፣ ቀጠሮ አያውቅም። ሱሪውን እየያዘ ወደ ሽንት ቤት ሮጠ።

አማቱ የመጡት ልክ በዚያች ቅጽበት ነው። ነገ ነበር የሚጠበቁት፤ ነገር ግን ሻንጣ ታስሮ ሲያዩ መጠበቅ አይሆንላቸውም። ልጃቸው በር ላይ ተቀብላ ክንዳቸውን ጨብጣ አስገባቻቸው። "ቀስ በይ እማዬ። እዚህ ጋ ምንጣፍ አለ። እግርሽን አንሺ። አይዞሽ።"

"እግሬን ማንሳት ጠፍቶኝ ነው?" አሉ እናት። የሰማቸው ግን የለም።

ልጅ ውሃ ልታመጣ ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ እናት ክፍላቸውን ሊያዩ ገቡ። አልጋ የለም። ጠረጴዛ ሙሉ ሽቦ አለ። ጥግ ላይ ካፖርት የለበሰች አንዲት ወፍራም ሴት ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። "እንደምን ዋልሽ?" አሏት፤ መልስ የለም። ኩራተኛ ናት ብለው ተዉአትና በክፍሉ ካለው ብቸኛ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። የመኪና ወንበር ነውና እጃቸው ከልማድ ሄዶ ቀበቶውን ሳበ። ቀጭ!

"ለስላሳ መንገድ" ጀመረ።

ኢንጂነሩ የሞተሮቹን ድምፅ ከሽንት ቤት ሆኖ ሰማ። በዚህ ዓለም ላይ በዚያች ሰዓት እንደ እሱ ፈጥኖ የተነሣ ሰው የለም። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ኮሪደሩን አቋረጠና በሩ ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እትዬ አሸዋ ወንበሩ ቢደፋ ይደፋሉ፣ ቢጋደል ይጋደላሉ፤ ቃል አይመልሱም። ቦርዱ የሚያውቀው ሰው እሳቸውን ብቻ ነበር። አማቱ ግን ወንበሩ ወደ ፊት ሲደፋቸው እግራቸውን በወንበሩ መርገጫ ላይ ተክለው በጀርባቸው ገፉት። ቦርዱ፣ መድረስ ያለብኝ ቦታ አልደረስኩም ብሎ ጉልበት ጨመረ። እሳቸውም ጨመሩ። እሱም ጨመረ። ድንገት ለቀቅ ሲያደርጉት አልፎ ሄደ፤ አልፌያለሁ ብሎ ሲመለስ እሳቸው እንደገና ጠበቁት። ወንበሩ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለት ግትሮች ተገናኝተው ነበር።

"እኔን ነው? እኔን ነው የምትደፋው? በል ና!" ይላሉ አማቱ ጥርሳቸውን ነክሰው። ሻሻቸው አንድ ዓይናቸውን ሸፍኖታል።

ኢንጂነሩ ቀይ ቁልፏን ለቀም አደረጋት።

"እንዳትነካ!" ብለው ጮኹበት። "አንተ ልጅ፣ እንዳትነካብኝ!"

"እማማ፣ ይጎዳዎታል..."

"ራሱ ይጎዳ!"

ሚስቱ የውሃ ብርጭቆ ይዛ ደረሰች። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። "አጥፋው! አንተ ሰው አጥፋው!"

"እንዳታጠፋው!"

አማት በአንድ ወገን፣ ሚስት በሌላ ወገን። ቁልፉ በእጁ፣ ሱሪው በሌላው እጁ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ባል ምን ቢያደርግ ይሻላል? ኢንጂነሩ ያደረገው ነገር የለም፤ አፉን ከፍቶ ቆመ። ደግነቱ ትራንዚስተሩ ወሰነለት። ቷ! ነጭ ጭስ ተነነ፣ ሞተሮቹ ዝም አሉ፣ ወንበሩም በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ቀረ። አማቱ በቀበቶው ተይዘው በሰያፍ እንደተንጠለጠሉ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ልጃቸው እየተደነቃቀፈች ሄዳ ቀበቶውን ፈታች። ጎድናቸውን ዳሰሰች፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ዳሰሰች። "የቱ ጋ ነው ያመመሽ? እማዬ አናግሪኝ!" እናትየው መናገር አልቻሉም። እየሳቁ ነበር። እንባቸው እስኪፈስ፣ ድምፅ እስኪያጥራቸው ድረስ እየሳቁ ነበር።

ልጅ ግን አልሳቀችም። ወደ ባሏ ዞረች። "እናቴን ልትገድልብኝ!"

"ሽንት ቤት ነበርኩ፣" አለ ኢንጂነሩ።

ከዚህ የባሰ መልስ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስልኳን አወጣች። ቁጥር ትፈልጋለች።

"ለማን ነው የምትደውዪው?" አሉ እናት ሻሻቸውን እያስተካከሉ።

"ለአሮጌ ብረት ገዢው። አሁኑኑ መጥቶ ይውሰድልኝ። ተስማምተን ነበር፤ ሰው ተቀምጦበት በደህና ካልተነሳ ይሄ ነገር ይወጣል ብያለሁ።"

እናትየው የወንበሩን ጠርዝ ይዘው፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ቆሙ። ልብሳቸውን አራገፉ።

"እኔ ተቀመጥኩበት፣" አሉ። "ይኸው በደህና ተነሣሁ። እኔ ሰው አይደለሁም?"

"እማዬ፣ አንቺማ..."

"እኔማ ምን? ከወደቅሁ ጀምሮ ያልደገፈኝ፣ ያላቀፈኝ፣ ቀስ በይ ያላለኝ የለም። ውሃ ልቅዳ ስል ይቀማኛል፤ ልነሳ ስል ያስቀምጠኛል። እንደ ዕቃ ነው የያዛችሁኝ፤ ይሰበራል ተብሎ እንደሚፈራ ዕቃ። ይሄ ግን ገፋኝ። ገፋሁት።" ጭሱ ወደሚወጣበት ቦርድ በአገጫቸው ጠቆሙ። "እኔን አሸንፋለሁ ብሎ ተቃጠለ እኮ!"

ሚስትየው ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተች። "ፈርቼ ነው እማዬ፣" አለች። "በጣም ፈርቼ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። እኔም ፈርቻለሁ። ፈርቼ ግን እገፋለሁ።" ከዚያ ክፍሉን ቃኙት። "አልጋዬ በዚያ በኩል ይሁን። ወንበሩ ካለበት አይነቃነቅ። ይህችን ኩራተኛ ሴትዮ ግን ከክፍሌ አስወጡልኝ።"

ኢንጂነሩ እትዬ አሸዋን አቅፎ ሲያወጣ ጥፋቱን በአንድ ትንፋሽ ተናዘዘ፤ ልኩን ሁሉ የወሰደው በእሳቸው ላይ እንደሆነ፣ ቦርዱ ሰው እንደማያውቅ። ሚስቱ ዓይኗን እየጠረገች፣ "እኔ በቆመ እንጨት ላይ ለክቼ ቀሚስ ብሰፋ፣ ደንበኛዬ የተቀመጠች ዕለት ይተረተርባታል" አለችው። እሱም "አሁን ነው የምትነግሪኝ?" አላት። "አሁን ነው የጠየቅኸኝ" አለችው።

የተቃጠለውን ትራንዚስተር ነቅሎ አዲስ በየደ። የቦርዱን ጉልበት በግማሽ ቀነሰ፤ ሰው ሲገፋው እንዳይደነብር አደረገው። መበየጃውን ሲያስቀምጥ አማቱ ወንበሩ ላይ ተመልሰው ቀበቶውን እየሳቡ ነበር።

"አይሆንም እማማ፣" አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። "መጀመሪያ እኔ።"

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። አማቱ ተነሥተው ለቀቁለትና ቀይዋን ቁልፍ ያዙ። ኢንጂነሩ ተቀመጠ። ቀበቶውን አሰረ፣ ሳበው፣ እንደገና ሳበው። ሞተሮቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ወንበሩ ወደ ፊት ሲደፋው ዓይኖቹን ጨፍኖ፣ እጆቹን ጭኖቹ ላይ አድርጎ፣ ድርቅ ብሎ አብሮት ተደፋ። ወደ ኋላ ሲያጋድለው ተጋደለ።

"ምነው አንተ ልጅ?" አሉ አማቱ ቁልፏን ከጀርባቸው ደብቀው። "ሰው አይደለህም እንዴ? ግፋው እንጂ!"

ኢንጂነሩ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ሁለተኛውን። እግሩን መርገጫው ላይ ተክሎ ገፋው።