ከሰደቃው በኋላ የቀሩት ስድስት ዙሮች

የሆስፒታሉ መዝገብ «ቤተሰቡ ሕክምናውን አቋርጧል፤ ስልክ ተደውሎ ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆኑም» ይላል። የልጅቱ አባት ሃሩን ደግሞ «ምን አቋረጥን? ድና ነው የመጣችው» አለኝ።

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሰባት ዓመቷ ፈርሂያ ነው። በኩላሊቷ ላይ የበቀለው የካንሰር ዕጢ አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላታል። ዕጢው እንዳይመለስ ደግሞ ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት ዘጠኝ ዙር መውሰድ ነበረባት። የወሰደችው ሦስቱን ብቻ ነው። ከአራተኛው ቀጠሮ ሁለት ወር አልፏል።

ወደ መካነ ሰላም የመጣሁት ለዚህ ነበር። አንድ ዓይነት ዕጢ ያለባቸው ሁለት ልጆች በአንድ ሆስፒታል ይታከማሉ፤ የከተማው ልጅ ሕክምናውን ይጨርሳል፣ የገጠሩ መሃል ላይ ይጠፋል። ለምን? የምርምር ገንዘቡ የተገኘው ይህን ለመጠየቅ ነው። የኔ ሥራ ከመዝገቡ የጠፉትን ልጆች ቤት ለቤት እየፈለጉ ቅጽ መሙላት ነው። ቅጹ ላይ ሦስት ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፤ አራተኛው «ሌላ» ይልና የጣት ርዝመት የምታህል መስመር አለችው።

«ገንዘብ ቸግሯችሁ ነው?» አልኩት ሃሩንን።

«ሚስቴ አሚራ ጅዳ ሥራ ላይ ናት። ሳትበላ ትልካለች እንጂ ለልጇ አታጎድልም።»

«መንገዱ ርቋችሁ?»

«ሦስቴ የሄድኩበትን መንገድ ለአራተኛው እፈራዋለሁ?»

«የባህል መድኃኒት ጀምራችሁ?»

«እሱንማ ገና ድሮ ነው የጨረስነው፤ የቀረን ቅጠል የለም» ብሎ ሳቀ።

እናቱ እትዬ ፈይዛ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ይሰሙናል። ፈርሂያን ጎትተው አምጥተው ሆዷን ገለጡልኝ። ጠባሳው ብቻ ነው የቀረው።

«አንተ ልጅ፣ ተምሬያለሁ ትል የለ? እስቲ እብጠቱን አሳየኝ።»

«አይታይም፣ እትዬ።»

«አዎ! ከሆስፒታሉ ሲደውሉም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ድናለች፣ አንመጣም አልኳቸው። ወላሂ አልዋሸሁም!»

ቅጹን አጠፍኩት። እንደዚህ ያለ መልስ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። ስወጣ ግን ከቤቱ ጎን የተተከሉ ረጃጅም እንጨቶች አየሁ፤ የዳስ ምሰሶዎች ናቸው፣ ማንም አልነቀላቸውም።

«ሰርግ ነበር እንዴ?»

«ሰደቃ ነው» አለ ሃሩን። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። «የፈርሂያ።»

«መቼ?»

«ለአራተኛው ቀጠሮዋ ሳምንት ሲቀረው።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሃሩን ነገሩን አወጋኝ። አሚራ ጅዳ ሆና «ይህ እብጠት ከልጄ ሆድ ይጥፋ እንጂ ወይፈን አርጄ አገር አበላለሁ» ብላ ተስላ ነበር። እብጠቱ ጠፋ። ወይፈኑ ታረደ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በልቶ መረቀ። አሚራ ዱዓውን በስልክ እየሰማች አለቀሰች።

«ስድስት ዙር እንደሚቀር ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሳምንቱ ቦርሳ ይዤ ስወጣ ሰው ምን ይለኛል? አላህ ምሮላታል ተብሎ ተመስግኖ፣ ሰው ሥጋውን በልቶ፣ እኔ ደግሞ አልዳነችም ብዬ ላዙራት? ምስጋናውን መልስልኝ ማለት አይደለም?»

«አሚራስ?»

«ሕክምናው አልቋል ነው ያልኳት።»

መካነ ሰላም ከተማ ስመለስ ለጥናቱ አስተባባሪ ለሰብሌ ደውዬ የሰማሁትን ነገርኳት። ባለፈው ሳምንት ወግዲ ባየሁት ቤትም ስለ አንድ ድግስ ተወርቶ ነበር፤ ያኔ ነገሬ አላልኩትም።

«ከታመሙበት እስከተዉበት ቀን ሁሉን ጠይቀናል» አለች ሰብሌ። «መቼ አመሰገናችሁ ብለን ግን አልጠየቅንም። ለሚቀጥለው የጥናት ዙር ገንዘብ ስንጠይቅ ይህ ይገባበታል።»

«ፈርሂያስ? የሚቀጥለው ዙር እስኪመጣ ዕጢው ይጠብቃታል?»

«አይጠብቃትም።»

«እኛ ጠይቁ እንጂ አትምከሩ ተብለናል።»

«የምታውቀውን ደብቅ ግን አልተባልክም፣ አሻግሬ። ሐኪሟን አነጋግሬ እደውልልሃለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ደወለች። ሐኪሟ ማክሰኞ ትምጣ፣ መርምረን እንወስናለን ብለዋል። ቀጥ ብዬ ሃሩን ቤት ሄድኩና ያለውን ነገርኩት፤ የማይታይ ነገር ሊቀር እንደሚችል፣ ዕጢው ቢመለስ ከመጀመሪያው ይልቅ እንደሚከብድ፣ ዘግይተውም ቢሆን መመለስ ካለመመለስ እንደሚሻል። ዳር ዳሩን አልዞርኩም። እሱም አልተቆጣኝም። ስልኩን አውጥቶ ጅዳ ደወለና ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው።

አሚራ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ጮኸች።

«እኔ የተሳልኩት ልጄ እንድትድን ነው ወይስ አገሩ ሥጋ እንዲበላ? ሰው አፍረህ ልጄን ልትቀብራት ነው?»

«ተይ እንዲህ አትበይ...»

«እማ እዚያ አሉ?»

«አለሁ፣ ልጄ።»

«እማ፣ ስልኩን ያነሡት እርስዎ ነዎት?»

እትዬ ፈይዛ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ነኝ። ያየሁትን ነው የነገርኳቸው፣ አሚራዬ። የማይታየውን ማን ነገረኝ?»

ማንም የነገራቸው አልነበረም። ይህንንም ጻፍኩት፤ የጣት ርዝመቷ መስመር ስላልበቃችኝ የቅጹን ጀርባ ሞላሁት።

እሑድ የሰፈሩ ቅሬ ተሰበሰበ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚቀባበርበት ማኅበር ነው፤ ወይፈኑን ያልቀመሰ አንድም አባል የለም። የቀብር ቦታው አጥር ጉዳይ ካለቀ በኋላ ሃሩን ተነሣ። ጨርቅ ቆብ ያደረገችው ፈርሂያ እጁን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«ጀማዓ፣ አንድ ነገር አለኝ። ያን ቀን ስትመርቁ የልጄ ሕክምና አላለቀም ነበር።»

የቅሬው ዳኛ ጋሹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እና ምን ልታደርግ ነው፣ ሃሩን? የበላነውን እንመልስ?»

ሳቅ ተነሣ። እትዬ ፈይዛም ከሴቶቹ መሃል ሆነው ሳቁ። ሃሩን ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ።

«የበላችሁት ሐላል ነው፤ እብጠቱ ጠፍቷል፣ ላመሰገንንበት አልሐምዱሊላህ። ስድስት ዙር ግን ይቀራታል። ያን ቀንም አውቅ ነበር፤ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ማክሰኞ ይዣት እሄዳለሁ።»